የአራስ ብረት ይዤ ድንገተኛ ክፍል የገባሁ ዕለት

ያሰሩኝን ሦስት ሰዎች ይቅር ብያለሁ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ያምርልኝ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ሁለቱን ከልቤ ይቅር ብያለሁ። ሦስተኛውን ገና ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ትፈርዳላችሁ። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ከበሽታ የዳነ ሰው ሁሉ መልአክ ሆኖ እንደማይነሳ እንድታውቁልኝ ነው። ሰፈሬ ውስጥ "የሙሉ ምላስ ከመቀስ ይብሳል" ይሉኛል። በሽታው ብዙ ነገር ወሰደብኝ፤ ምላሴን ግን ትቶልኛል፣ ተመስገን።

ሙሉ እባላለሁ። መካነ ሰላም ልብስ ሰፍቼ ነው የምተዳደረው። አረብ አገር አራት ዓመት ሠርቼ ስመለስ መጀመሪያ የስፌት መኪና ገዛሁ፣ ቀጥዬ ታደሰን አገባሁ፤ ቅደም ተከተሉን እሱም ያውቀዋል። ታደሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዓምና ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ወለድኩ። ምጡ ሁለት ቀን ቢወስድም በሰላም ተገላገልኩ፤ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል ሰው ከቤቴ አልጠፋም።

አማቴ እማማ ዘነበች ሊያርሱኝ ከገጠር መጡ። ሲገቡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እጀታዋ ላይ ክር የተጠመጠመባት አንዲት ትንሽ ቢላዋ ትራሴ ሥር ማኖር ነበር። አራስ ያለ ብረት አትተኛም፤ ለሽንትም ደጅ ስትወጣ ብረት ትይዛለች፣ አለዚያ ክፉ መንፈስ ይመታታል ይባላል። እኛ አገር ይህን የማያደርግ የለም። የተማረውም ያደርገዋል፤ ሲጠይቁት ይክዳል እንጂ። እኔም ሳልከራከር ደጅ በወጣሁ ቁጥር ቢላዋዋን መቀነቴ ውስጥ እሸጉጣለሁ።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሐሊማ ደግሞ ከእኔ በስምንት ቀን ቀድማ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ሁለት አራስ በአንድ አጥር። እሷ በግድግዳው ወዲያ "ሙሉዬ፣ ተኛሽ?" ትለኛለች፣ እኔ ወዲህ "ማን ያስተኛኛል" እላታለሁ። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር።

በወለድኩ በአምስተኛው ቀን እንቅልፍ ከዳኝ። ሁሉም "አራስ ናት፣ ሕፃን እየቀሰቀሳት ነው" አለ። ሕፃኗ ግን እንቅልፋም ነች፤ የማልተኛው እኔ ነኝ። እሷ ጠግባ ትተኛለች፣ እኔ ዓይኔ እንደፈጠጠ ይነጋል። የሚገርመው ድካም የሚባል አይሰማኝም ነበር። እንዲያውም ልነሳና ልስፋ፣ ቤቱን ላገላብጥ፣ ለዘመድ ሁሉ ልደውል እላለሁ። ወሬዬ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች "እንዴት ያለች ብርቱ አራስ ናት!" እያሉ አደነቁኝ። እኔም አመንኩ። ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ጎረቤትሽ ወልዳ ለቀናት ሳትተኛ ብርቱ ከሆነችብሽ አታድንቂያት፤ ሐኪም ጥሪላት።

በሁለተኛው ሳምንት የልጄ ጆሮ ተቀየረብኝ። ማታ ያየሁት ጆሮና ጠዋት ያየሁት ጆሮ አንድ አልሆን አለኝ። ከዚያ ሽታዋ፣ ከዚያ ለቅሶዋ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ይቺ ልጅ የእኔ አይደለችም፣ የእኔን ወስደው ሌላ አስታቅፈውኛል። ይህን እንደ ሐሳብ ወይም እንደ ጥርጣሬ እንዳታዩት። ዛሬ ስሜ ሙሉ እንደሆነ የማውቀውን ያህል አውቀው ነበር። ለዚያ ነው ለማንም ያልተናገርኩት። ሌባ ቤቱ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚጠብቀው።

ታደሰ ግን ሚስቱን ያውቃል፣ ዝምታዬ አስፈራው። አራስ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ከቤት አትወጣም ስለተባለ ከአንድ የግል ክሊኒክ ባለሙያ ቤት ድረስ አመጣ። ሰውዬው ደሜን ወስዶ ሄደና ከሰዓት በኋላ "ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም ነካ አድርጓታል" ብሎ መርፌ ጀመረልኝ። እኛ አገር ተመርምሮ ታይፎይድ ያልተገኘበት ሰው መኖሩን እንጃ! ሰባት ቀን ወጋኝ። በሰባቱም ቀን "ራስሽን ያምሻል?" ብሎ ጠየቀኝ እንጂ አንድም ቀን "ትተኛለሽ ወይ?" አላለኝም። ቢለኝ እነግረው ነበር።

ጎረቤት በበኩሉ ምርመራውን ጨርሷል። "ከአረብ አገር ይዛው የመጣችው ነው" ተባለ። የነፍስ አባታችን መጥተው ጠበል ረጩኝ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ከዚያ ዓይኔን ትክ ብለው አይተው ወደ ታደሰ ዞሩ። "ጠበሉን እኔ አመጣለሁ፤ ሐኪሙን አንተ አምጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉት። ታደሰ "አባቴ፣ ታይፎይድ ነው ብለዋል እኮ" አለ። "ልጄ፣ ታይፎይድ እንደዚህ አያይም" ብለውት ወጡ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሳይለቅ፣ ሕፃኗን አንስቼ ወጣሁ። አላለበስኳትም። ሐሊማ ቤት ሄጄ በሩን በክርኔ ደበደብኩት። ስትከፍት ልጅቷን ወደ ደረቷ ገፋሁላት።

"ልጅሽን ውሰጂ። የእኔን አምጪ!"

ሐሊማ ፊቴን አየች፣ የሕፃኗን ከንፈር አየች። ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን "ያ ረቢ!" ብሎ ሰፈሩን ይጠራ ነበር። እሷ ግን ልጅቷን ተቀብላ ቀሚሷ ውስጥ ከተተቻትና ጡቷን አጎረሰቻት። "እሺ የኔ እናት፣ ግቢ፣ ብርድ ነው" አለችኝ። ገባሁ። መደቡ ላይ ልጇ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ወንድ መሆኑን ያን ጊዜ ማን አስታወሰው! የእኔ እሱ ነው ብዬ ላነሳው ጎንበስ ስል የሐሊማ እጅ የእጄን አንጓ ያዘው። አልጮኸችም።

"ሙሉዬ፣ አብሽሪ። አሁን ተኝቷል፣ ሲነቃ እንተያያለን። እስኪነቃ ከጎኔ ቁጭ በይ" አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። መቀነቴ ውስጥ ቢላዋዋ ነበረች። ሐሊማ ታውቃለች፣ እሷም ትራሷ ሥር እንደዚያው ያለ ብረት አላት። ታደሰና እማማ ዘነበች እየሮጡ እስኪመጡ ድረስ በአንድ እጇ የእኔን ልጅ ደግፋ፣ በሌላው እጇ የእኔን እጅ ይዛ ቆየች። ዛሬም ያቺን ሰዓት መልሼ መላልሼ አያታለሁ። እኔ ምን ላደርግ እችል ነበር? አላውቅም። ይህን "አላውቅም" ይዞ መኖር ከበሽታው ሁሉ የከፋው ነው።

ያን ቀን ቤት ውስጥ ተመካከሩ። ወደ ሆስፒታል እንደምሄድ ተወሰነ፤ ግን እኛን ወደማያውቁበት፣ ራቅ ወዳለ ከተማ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራውም፤ የሆነው ሁሉ የትም ሊሆን ይችላል። እማማ ዘነበች ልጃቸውን ጥግ አስይዘው ሲነግሩት ሰማሁ።

"አራስ ናት ብለህ እንዳትናገር። ሰማንያ ሳይሞላት አራስ አወጡ ይሉናል። ደግሞ የእብድ ልጅ የሚል ስም ለዚች ጨቅላ ይተርፋታል፤ ነገ ማን ያገባታል?"

"እሺ እማ" አለ ታደሰ።

የሚወደኝ ሰው ነው። ወዶኝ ነው ያጠፋው። አማቴም ክፉ ሴት አይደሉም፤ ጠዋት ሊሸኙኝ ሲወጡ እያለቀሱ መንገድ ላይ ክፉ እንዳያገኘኝ ቢላዋዋን መቀነቴ ውስጥ በገዛ እጃቸው ሸጎጡልኝ። አራስነቴን ደብቁ ያሉት ሰው የአራስ ብረት አስታጥቀው ላኩኝ። ልጄ ሐሊማ ጋር ቀረች።

የታደሰ ጓደኛ በሚኒባሱ በዚያ ኮረኮንች አንገጫግጮ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ አወረደን። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ጢም ብሏል። መግቢያው ላይ ትሪያጅ የሚሉት ጠረጴዛ አለ፤ ማን ይቅደም፣ ማን ይቆይ የሚባለው እዚያ ነው። ነርሱ ወጣት ነው፣ ቀና ብሎ ሊያየኝ ጊዜ የለውም።

"ምኗን ነው?"

"ራሷን ያማታል። እንቅልፍም እምቢ ብሏታል" አለ ታደሰ።

"ሌላስ? የምትወስደው መድኃኒት? በቅርብ ያጋጠማት ነገር?"

"የለም" አለ ታደሰ።

ግፊቴን ለካ፣ ሙቀቴን አየ፣ ደህና ነው አለ፣ አረንጓዴ ካርድ ሰጠን። አረንጓዴ ማለት የማይቸኩል ማለት ነው። ነርሱ ላይ አልፈርድም። በነገሩት ልክ ነው የፈረደው።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከጎኔ በቅሎ የረገጠቻቸው አንድ አባት ያቃስታሉ። ፊት ለፊቴ እጁ የተቃጠለ ልጅ ያለቅሳል። በየደቂቃው አልጋ እየተገፋ ያልፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ስም ይጠራል፣ የእኛ አይደለም። ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ተቀመጥን። ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚከብድ ነገር ነው፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ሁሉም ድምፅ ስለ እሱ ለሚናገርበት ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት። የሚስቁት በእኔ ነው። የሚጠራው ስም የእኔ ነው፣ ቀይረው ነው የሚጠሩት። ልጄን እዚህ አምጥተው ደብቀዋታል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከውስጠኛው ክፍል አንድ ጨቅላ አለቀሰ።

ዘልዬ ተነሳሁ። ታደሰ ነጠላዬን ቢይዝ ነጠላው እጁ ላይ ቀረ። በሩ ላይ ጥበቃው ወገቤን ያዘኝ፤ ስታገል መቀነቴ ተፈታና ቢላዋዋ ሲሚንቶው ላይ ቃጭ አለች።

"ቢላዋ ይዛለች!"

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጩን ነው የማስታውሰው። ሰው ሁሉ ሲሸሽ። የበቅሎዋ ሰውዬ እንኳ ተነስተው ሲሮጡ። ጥበቃው፣ ያ የትሪያጁ ነርስና አንድ የጽዳት ሠራተኛ ሆነው ኮሪደር ላይ ያለ አልጋ ላይ ጣሉኝና እጄንም እግሬንም በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰሩኝ። ቁስል የሚታሰርበት ያ ነጭ ፋሻ! ጥበቃው "ይቅርታ እህቴ፣ ይቅርታ እህቴ" እያለ ነበር የሚያስረኝ። ነርሱ ከእኔ በላይ ፈርቷል። ሦስተኛው ግን ቋጠሮውን ከጨረሰ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸኝ። ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ተሰብስቧል። እየሳቀ ነበር።

እሱን ነው ይቅር ያላልኩት።

ጥበቃው ታደሰን ያፋጥጠዋል። "ወንድሜ፣ ቢላዋ ያላት ሴት ይዘህ ሆስፒታል ትገባለህ?" ታደሰ "አላውቅም ነበር" አለ። ጆሮዬ እየሰማ! እናቱ ሲሸጉጡልኝ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ፖሊስ ይጠራ፣ አይጠራ የሚል ክርክር ተነሳ። ታደሰ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ለእናቱ የገባውን ቃል ላፍርሰው፣ አላፍርሰው እያለ ነበር። ይህን በኋላ ነው እሱ ራሱ የነገረኝ።

እንደታሰርኩ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆየሁ። ውሃ የሰጠኝ የለም። ካጠባሁ ከአንድ ቀን በላይ ሆኖኛል፣ ጡቴ ሞልቶ ድንጋይ ሆነ፤ ሕመሙ እስከ ብብቴ ይወጋኛል። "ጡቴን! ጡቴን!" ብዬ እጮኻለሁ፣ የሚያልፈው ሰው ፊቱን ያዞራል። አንዷ ሴት ለልጇ "አትይ፣ አትይ" ስትል ሰማሁ። እብድ የምትለው ነገር ሁሉ እብደት ይመስላል፤ ከተናገርኩት ሁሉ እውነቷ ግን ያቺ ቃል ብቻ ነበረች።

ወደ አሥር ሰዓት ግድም አንዲት በዕድሜ የገፋች ነርስ መጣች። መጀመሪያ አንሶላ አምጥታ እግሬን ሸፈነችልኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከበላዬ አልቆመችም፣ ተቀመጠች።

"ብርሃኔ እባላለሁ፣ ነርስ ነኝ። አንቺን ማን ልበልሽ?"

ያን ቀን ስሜን ከእኔ ከራሴ የጠየቀች የመጀመሪያዋ ሰው ናት። "ሙሉ" አልኳት። ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

"ሙሉ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?"

"ጡቴን።"

ደረቴን አየች። ቀሚሴ እስከ ሆዴ ርሷል። በጣቷ ነካችው፣ አሸተተችው፣ ፊቷ ተለወጠ። ተነስታ ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጣትን ቢላዋ አየች፣ እጀታዋ ላይ ያለውን ክር አገላበጠች። ከዚያ ታደሰ ጋ ሄደች። ድምፅዋን ዝቅ ብታደርግም ሰማኋት።

"ወንድሜ፣ ይቺ መሣሪያ አይደለችም። የአራስ ብረት ናት። እኔም በአራስነቴ ይዣታለሁ። ባለቤትህ መቼ ነው የወለደችው?"

ታደሰ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

"እየጠየቅኩህ ነው። እየደበቅካት ነው ወይስ እያሳከምካት?"

ትልቁ ሰውዬ፣ የጭነት መኪና የሚያሽከረክረው፣ ሰው መሃል ቁጭ ብሎ ተንሰቀሰቀ። "ዛሬ ሃያ ቀኗ ነው። ልጃችን ጎረቤት ናት። እናቴ አትናገር ብላኝ ነው።"

ሲስተር ብርሃኔ አልቆጣችውም። ተመልሳ መጥታ "አንድ እጅሽን ልፈታው ነው፣ ወተቱን አብረን እናልበዋለን። ከዚያ ሌላውን እፈታለሁ። ትመቺኛለሽ?" አለችኝ።

"አልመታሽም።"

ጥበቃው "ሲስተር፣ ኋላ ኃላፊነቱ..." ሲል "ዋሷ እኔ ነኝ" አለችው። እኛ አገር ዋስ ማለት ቀላል ቃል አይደለም። እሱም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። መጋረጃ ስባልኝ፣ ሞቅ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክራ ጡቴ ላይ አድርጋ፣ በገዛ እጄ አለብኩት። በዓለም ላይ እንደዚያ ያለ እፎይታ የለም። ከዚያ በስልክ ወደ ሐሊማ አስደወለች። የልጅቷ ድምፅ ሲሰማ "የእኔ አይደለችም" አልኳት። አልተከራከረችኝም። "አሁን የአንቺ አልመሰለችሽም፣ እሺ። እኔ ግን መጥገቧን ላጣራ" ብላ ከሐሊማ ጋር አወራች። ከዚያ ማንም ደፍሮ ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፤ ራስሽን ወይም ሕፃኗን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ? ጥያቄው አላስቀየመኝም። ስለ ሐሊማ ልጅ፣ ስለ እጄ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰው ሆዱ ውስጥ የያዘውን የሚተፋው ሲጠየቅ ነው።

ሐኪሙ ሲመጣ ሲስተር ብርሃኔ የሠራችውን ሰምቶ እንደገና ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረኝ። የማሕፀን ቁስለት እንዳይሆን፣ የደም ማነስ እንዳይሆን ደሜን አስወሰደ። ከዚያ ለታደሰ አስረዳው። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ እናት ላይ ድንገት የሚነሳ ከባድ የአእምሮ ሕመም አለ፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ የሌለ ነገር እውነት ያስመስላል። እርግማን አይደለም፣ የባሕርይ ክፋትም አይደለም፣ በመድኃኒት ይድናል። "ግን ደም እንደሚፈሳት እናት አንድ ነው፣ መቆየት የለበትም። ወልዳለች ብትለን ኖሮ አረንጓዴ ካርድ አትይዝም ነበር" አለው። ታደሰ ዛሬም ያቺን ቃል በእንቅልፉ ሳይቀር የሚሰማት ይመስለኛል።

መርፌ ወጉኝ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ተኛሁ።

በነጋታው የአእምሮ ሐኪም ወዳለበት ትልቅ ሆስፒታል ላኩኝ፤ እዚያ ከሁለት ሳምንት በላይ ተኛሁ። አምፑል እንደሚበራ አልዳንኩም። መድኃኒቱ መጀመሪያ ምላሴን አሳሰረው፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተኝ። መጠኑን ቀያየሩልኝ። አንድ ቀን ታደሰ ስልኩ ላይ የልጃችንን ፎቶ ሲያሳየኝ "ጆሮዋ የአንተ ነው፣ ምን ይሻላታል" አልኩት። እሱ ሳቀ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመርኩት፤ ውርጩ፣ ሰማያዊው ከንፈር፣ የሐሊማ እጅ፣ ሁሉም ተመልሶ መጣ። መዳን እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ የሚመለሰው ኀፍረቱ ነው።

ቤት ስገባ እማማ ዘነበች እግሬ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። ወተቴ ደርቋል። ልጄ የሐሊማን ጡት ለምዳለች፣ እኔ ሳቅፋት ታለቅሳለች፣ ሐሊማ ስትወስዳት ዝም ትላለች። ሐሊማ ልታስቀኝ "ልጆቻችን በጡት ወንድምና እህት ሆኑ፤ እንግዲህ አማች የመሆን ተስፋችን ተቆረጠ" ትላለች። እስቃለሁ፣ ሆዴ ግን ያራል። ሰማንያው ቀን ደርሶ ክርስትና ተነሳች። ያን ቀንም ያቀፏት አማቴ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከልጄ ጋር አንዴ እንኳ ብቻዬን አልተተውኩም። ማንም በአፉ አላለውም። ግን እማማ ዘነበች በመካከላችን ይተኛሉ። ታደሰ ደጅ ሲወጣ እናቱ መኖራቸውን አይቶ ነው። እኔም አልጠየቅኩም፤ ምን ብዬ? እኔስ ራሴን አምን ነበር? መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እውጣለሁ፣ እተኛለሁ፣ እሰፋለሁ፤ ልጄን ግን ሰው እያየኝ ነው የምነካት።

በስድስተኛው ወር ለሲስተር ብርሃኔ ምስጋና ላቀርብ ወደዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። "ለእኔ ሳይሆን ለእነሱ ንገሪያቸው" ብላ የሠራተኞቹ የጠዋት ስብሰባ ላይ አስገባችኝ። ምላሴ አላሳፈረኝም። ሲቸግር ማሰር ሊመጣ እንደሚችል ገብቶኛል አልኳቸው፤ ግን ከማሰራችሁ በፊት ስሟን ጠይቁ፣ ካሰራችሁም በኋላ ውሃ ስጡ፣ ሸፍኗት፣ አጠገቧ ተቀመጡ። ባልዋ ሲናገር እሷንም ስሟት። ጭንቅላቷ የተረበሸባት ሴት ስትመጣ "በቅርብ ወልዳለች ወይ?" ሳትሉ ካርድ አትስጡ። ስልክ ያወጣ ሠራተኛ... እዚህ ላይ ስደርስ ሦስተኛው ሰው ከኋላ ቆሞ አየሁት። ወለሉን ያያል። ወጥቶ ይቅርታ ይለኝ ይሆን ብዬ በር ላይ ትንሽ ቆየሁ። አላለኝም። ያ የትሪያጁ ነርስ ግን ተከትሎኝ መጥቶ መዝገቡን አሳየኝ፤ "በቅርብ ወልዳለች?" የሚለውን ጥያቄ በእስክሪብቶ ጨምሮበታል። ከኮሪደሩ ጫፍም አንዲት ጠባብ ክፍል አጽድተው መጋረጃና ሁለት ወንበር አስገብተዋል፤ የተረበሸ ሰው እንዲረጋጋባት። ትልቅ ነገር አይመስልም። እኔ ግን ያን ቀን ብትኖር ኖሮ ብዬ ቆሜ አለቀስኩ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለኝ፤ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ስማችሁንና ይሉኝታችሁን ቤት ትታችሁ ሂዱ።

ሐምሌ ላይ እማማ ዘነበች አገራቸው ለቅሶ ደረሰባቸው። ታደሰ መንገድ ላይ ነው። በር ላይ ቆመው ተቁነጠነጡ፣ መጨረሻ ላይ ሐሊማን ጠሩ። "ልጄ፣ እስክመለስ አብረሻቸው ሁኚ" አሏት፤ እኔን ላለማየት እየጣሩ። ሐሊማ እሺ ብላ ልጇን አዝላ መጣች፣ ሸኘቻቸው፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ብዙም አልቆየች። ተነሳች።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ቤቴ። ምን ልሠራ ነው እዚህ የምቀመጠው?"

"ሐሊማ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ። እማማ ምን አሉሽ?"

"ሰምቻቸዋለሁ።"

"ከሁሉ ሰው አንቺ ታውቂያለሽ። ያን ጠዋት እጄን የያዝሽው አንቺ ነሽ።"

ሐሊማ ዓይኔን አየችኝ። "አዎ፣ ያን ጊዜ ያዝኩሽ። አሞሽ ነበር። ዛሬ ወላሂ ሙሉዬ፣ የሚያስይዝ ነገር አላየሁብሽም" ብላኝ ወጣች።

ውጭ ዝናብ ጀምሯል። ልጄ አልጋው ላይ ሆና መጀመሪያ ተነጫነጨች፣ ከዚያ አለቀሰች። ወደ በሩ አየሁ፤ የሚመጣ ሰው የለም። ቤት ውስጥ ከእናቷ በቀር የሚያነሳት አልነበረም። አነሳኋት።